የአባዬን ጓደኞች ፍለጋ

አባዬ 77 ዓመቱ ነው። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣው በ2001 ነው። እናቴ ካረፈች አራት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲህ አባዬ ቀስ በቀስ ከሰው እየራቀ ሄደ። ጠዋት በረንዳው ላይ ይቀመጣል። ፀሐዩ ሲደርስበት ወንበሩን ይዞ ይገባል። ሙቀቱ ሲበርድ ተመልሶ ይወጣል። ከእኔ በቀር ከማንም ጋር ሳያወራ የሚመሽበት ቀን ብዙ ነበር።

እሱ የሚኖረው ድሬዳዋ ከዚራ ነው፣ እኔ ሳቢያን። ከሥራ ስወጣ ብቅ እላለሁ። «እንዴት ዋልክ?» ስለው «ደህና» ይለኛል። ከዚያ ዝም ነው። (አባቴን «አንተ» ማለቴ የሌላ አገር አንባቢን ቅር እንዳይለው። ድሬ አንቱታ አናበዛም። በእኛ ቤት «አንተ» የፍቅር ነው።)

ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ። ዲሽ አስተከልኩለት። ስማርት ስልክ ገዛሁለት። የሰፈር ሽማግሌዎች ወደሚቀመጡበት ይዤው ሄድኩ። አንድ ሰዓት ተቀምጦ «እንሂድ» አለኝ። ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ግን አያውቁትም፣ እሱም አያውቃቸውም።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ አብርተን በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ከየት እንደመጣለት እንጃ፣ ስለ አንድ ጓደኛው ማውራት ጀመረ። ሰውየው በወጣትነቱ አዲጋላ ጣቢያ ሻይ ልጠጣ ብሎ ወርዶ ባቡሩ ጥሎት ሄደ። በማግስቱ የዕቃ ባቡር ላይ ተንጠልጥሎ ድሬ ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሠራተኛው ሁሉ «አዲጋላ» እያለ ጠራው። የራሱ ስም ተረሳ። አባዬ ይህን ሲነግረኝ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

«አሁን የት ነው ያለው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። ይኑር ይሙት አላውቅም» አለና ዝም አለ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባዬ የጎደለው ሰው አይደለም። ሰውማ በየደጁ ሞልቷል። የጎደለው እሱ ጎረምሳ ሳለ የሚያውቀው ሰው ነው። ለእኔ አባት ነው። ለጎረቤት ጡረተኛ ነው። የሞተር ድምፅ ሰምቶ ብቻ የቱ ጋ እንደተበላሸ የሚናገር መካኒክ እንደነበረ የሚመሰክርለት ሰው አጠገቡ የለም። በኋላ ሳነብ የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ይህን ደርሰውበታል። ሰው ሲያረጅ አጥርቶ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያለውን ዘመን ነው። የመጀመሪያ ደሞዝም፣ ትዳርም፣ የልብ ጓደኛም ብዙውን ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው። ያን ዘመን አብሮ የሚያወራው ያጣ ሰው የሕይወቱን ግማሽ ለብቻው ተሸክሞ ነው የሚቀመጠው።

ስለዚህ ጓደኞቹን መፈለግ ጀመርኩ። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የተሳካልኝንም ያጠፋሁትንም እጽፋለሁ፣ ወላጆቻችሁን እያያችሁ ግራ የገባችሁ ካላችሁ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ የተበተኑበትን ምክንያት ለመረዳት ሞከርኩ። ሰዉ በምን እንደተበተነ ካወቃችሁ የት እንደሚገኝ ግማሹን አወቃችሁ ማለት ነው። የአባዬ ጓደኞች የተበተኑት አንዴ አይደለም። በ1969 የሶማሊያ ጦር ድሬ ድረስ ሲመጣ ሐዲዱ ተቆርጦ ሠራተኛው ወደየዘመዱ ሄደ። ጅቡቲ ነፃ የወጣችው በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። ከጓደኞቹ አንዱ የኢሳ ጎሳ ሶማሌ ነው፣ ቤተሰቡን ይዞ ወደዚያ ተሻገረ። ከዚያ በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ጎርፍ መጣ። በዚያ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው አለቀ። እኛ ያኔ ወንዙ አጠገብ ነበር የምንኖረው። ነፍሳችን ተረፈች፣ ዕቃችን ሄደ። የአባዬ ፎቶዎች በሙሉ የሄዱት ያኔ ነው። ጎረቤቶቻችን አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ሰፈሩ። ከዚያ ደግሞ ጡረታው መጣ። በዚያው ሰሞን ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አሮጌው ባቡር ቆመ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ሲመረቅ ጣቢያው የተሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ድሮ ከዚራ ያለው ጣቢያ በር ላይ ቆሞ የማይገናኝ ሰው አልነበረም። ድሬን የወለዳት እሱ አይደል! በ1895 ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲደርስ ነው ከተማችን የተቆረቆረችው። ያ በር ጭር ሲል ሰዎቹም መገናኛ አጡ።

አንድ ሌላ ምክንያት አለ፣ ብዙ ሰው አያነሳውም። ጫት ነው። አባዬ ደም ግፊት ሲይዘው ሐኪሙ ጫት እንዲተው ነገረው። ሐኪሙ ልክ ነው፣ ጫት ግፊት ይጨምራል። አባዬም ተወ። እኛ ልጆቹ በጣም ደስ አለን። ግን ጫቱን ሲተው በርጫውንም ተወ። ከምሳ በኋላ ለ30 ዓመት አብረውት ሲቀመጡ የኖሩትን ሰዎች በአንድ ሳምንት አጣቸው። እኛ የተወውን እንጂ ያጣውን አላየንም። ወላጃችሁ ጫት ወይም መጠጥ ሲተው እባካችሁ ይህን አስቡበት። በዚያው ሳምንት ከጓደኞቹ ጋር የሚቀመጥበት ሌላ ቦታና ሰዓት ፈልጉለት።

ከዚያ ስም መጻፍ ያዝኩ። «ጓደኞችህ እነማን ነበሩ?» ብዬ ስጠይቀው «ብዙ ናቸው» ብሎ ዘጋኝ። ጥያቄው ለካ ልክ አልነበረም። ሌላ ቀን «ሚዜዎችህ እነማን ነበሩ?» አልኩት። ሦስት ስም ወጣ። «የሌሊት ተረኛ ስትሆን ማን ነበር አብሮህ?» አልኩት። ሁለት ወጣ። «እናታችን እኔን ስትወልድ ሆስፒታል ማን አደረሳት?» አልኩት። አንድ ሙሉ ታሪክ ወጣ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ግድግዳ ላይ ያለው የዘመን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ 11 ስም ጻፍን። ሰባቱ ቅጽል ስም ናቸው። የአባታቸውን ስም አያውቀውም። ለ20 ዓመት አብረው ሠርተው የአባት ስም አለመተዋወቅ ለእኔ ገርሞኝ ነበር፣ ለእነሱ ግን ምንም አይደለም። ስለዚህ ቅጽል ስም ንቃችሁ አትለፉ። ድሬ ውስጥ ሰው የሚገኘው በመታወቂያ ስሙ አይደለም።

የእናቴ ቦርሳ ውስጥ አንዲት ትንሽ የስልክ ደብተር ተገኘች። በጣም ደስ አለኝ፣ ግን አንዱም ቁጥር አልሠራም። ሁሉም በ05 ይጀምራሉ። በ1998 መጀመሪያ የአገሪቱ ስልክ ቁጥር በሙሉ ሲቀየር የእኛ ኮድ 025 ሆነ፣ ቁጥሩም ረዘመ። አዲሱን ቁጥር አጣርቼ ስደውል ደግሞ የቤት ስልኩ ከተቆረጠ ቆይቷል። ደብተሯ የጠቀመችኝ ለሌላ ነገር ነው። ከስሙ ጎን እናቴ ሰፈሩን ጽፋለች። «ለገሃሬ»፣ «ገንደ ቆሬ»፣ «መጋላ» እያለች።

ሰፈሩ ካለ እድር አለ። እውነቱን ልናገር፣ ከቴሌግራምም ከፌስቡክም ይልቅ የጠቀመኝ እድር ነው። የእድር ጸሐፊ ማን ወደ የት እንደዞረ፣ ማን እንደሞተ፣ የማን ልጅ ውጭ አገር እንዳለ ያውቃል። ጡሩምባ ነፊው ደግሞ ከጸሐፊውም ይበልጣል፣ እያንዳንዱን በር በእግሩ ያውቃላ። አንዱ ሽማግሌ ጡሩምባ ነፊ በአንድ ከሰዓት ሦስት ስም ነገረኝ። ሙስሊም ጓደኞቹን ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊድ በር ላይ አጠያየቅሁ። ጡረታ የሚከፈልበት ሰሞን ባንክ በር ላይም ቆሜያለሁ። ጡረተኛ ጡረተኛን ያውቃል።

የጅቡቲውን ሰው ያገኘነው ግን በሌላ መንገድ ነው። መጋላ ሱቅ ያላቸው አንድ ኢሳ ሽማግሌ ጋር ሄጄ ስሙን ነገርኳቸው። ስሙን ትተው «የማን ልጅ ነው? ጎሳውስ?» አሉኝ። አባዬ የሰውየውን አባት ስምና ጎሳውን ያውቅ ነበር፣ ሶማሌ ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚናገረው እሱን ነውና። ሽማግሌው ሁለት ቦታ ደወሉ። በሦስተኛው ቀን በ253 የሚጀምር ቁጥር ሰጡኝ።

አሁን ትልቁን ጥፋቴን ልንገራችሁ።

አንዱን ጓደኛውን ልጁ ሥራ ቦታ በኩል አገኘሁትና ቁጥሩን ይዤ አባዬ ጋር ሮጥኩ። እሱ ራሱ እንዲሰማ ብዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግሁት። ሴት አነሳች። ማን እንደሆንን ነገርኳት። «ውይ፣ አባታችንማ ካረፈ ሦስት ዓመቱ» አለች። አባዬ አጠገቤ ነበር። ምንም አላለም። ተነስቶ ገባ።

እኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ማልዶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው። እኔ የ50 ዓመት ጓደኛውን መርዶ በስልክ፣ በማያውቃት ሴት ድምፅ አስነገርኩት። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። በዚህ ዕድሜ ከጻፋችኋቸው ስሞች ብዙዎቹ በሕይወት እንደማይኖሩ አስቀድማችሁ እወቁ። ከ11ዱ አምስቱ ሞተው ነው ያገኘናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ብቻችሁን ፈልጉ፣ ብቻችሁን ደውሉ። ሕያው መሆኑን፣ ጤናው እንዴት እንደሆነ፣ መገናኘት እንደሚፈልግ ካረጋገጣችሁ በኋላ ለወላጃችሁ ንገሩ። ሞቶ ከሆነም እንደ ወጉ ንገሩ። እኔ ለቀሩት አራቱ አክስቴንና አንድ የንስሐ አባት ይዤ ነው በጠዋት የሄድኩት።

ከዚያ ጥፋት ግን አንድ ነገር ተገኘ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አባዬ ራሱ «ለቅሶ እንድረስ» አለኝ። «ሦስት ዓመት ካለፈው?» አልኩት። «እኔ የሰማሁት አሁን ነው» አለ። ነጠላውን ደርቦ ሄድን። የሟች ሚስት ገና በር ላይ ስታየው እንደ አዲስ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስለ ወጣትነቱ ያወራት ሰው አልነበረም። አባዬ ልጆቹ የማያውቁትን ታሪክ ነገራቸው። ልንነሳ ስንል ጓዳ ገብታ አንድ ፎቶ ይዛ መጣች። አራት ወጣቶች በናፍጣ ባቡር ፊት ቆመዋል። ከግራ ሁለተኛው አባዬ ነው፣ ፀጉሩን አፍሮ አበጥሯል። ጎርፉ ከወሰደበት ወዲህ የወጣትነት ፎቶውን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ልጅዋ በስልኩ አነሳልን፣ አሳጥበን ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። አሁን ያቺ ሴት በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልለታለች። ጓደኛው ቢሞትም ሚስቱና ልጆቹ የሚነግሩትና የሚጠይቁት አላቸው። «ሞቷል» ሲሏችሁ ስሙን ሰርዛችሁ አትለፉ።

ሌላው ጥፋቴ ድንገት ማስደሰት መፈለጌ ነው። በያጅ የነበረው ጓደኛው መጋላ እንዳለ ሰማሁ። ከእኛ ቤት ደቻቱን ተሻግሮ በእግር 20 ደቂቃ ነው! የበርጫ ጓደኛው ነበር፣ ግን የአባዬን የበርጫ ሰዎች እኛ ልጆቹ በደንብ አናውቃቸውም። ዘጠኝ ዓመት ሳይተያዩ በአንድ ከተማ ኖረዋል። ለአባዬ ሳልነግረው ሰውየውን በባጃጅ ይዤ ከተፍ አልኩ። አባዬ በሽርጥ ብቻ፣ ከወገብ በላይ ራቁቱን ተቀምጧል። ቀኑ የድሬ ግንቦት ነው። ጓደኛውን ሲያይ ደነገጠ። ሮጦ ሸሚዝ ለበሰ፣ ቁልፉን ግን ማስገባት አቃተው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሲያወሩ አፉን በእጁ ይሸፍናል፣ የፊት ጥርሶቹ ስለወለቁ ነው። ሰውየው ቶሎ ሄደ። አባዬ ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን «እንደዚህ ሆኜ እንዲያየኝ አልፈልግም ነበር» አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ውሰዱ ብትሉኝ ይህን ነው የምላችሁ። አረጋዊ ሰው ጓደኛውን «አልፈልግም» ሲል ብዙ ጊዜ ጓደኛውን ጠልቶ አይደለም። አርጅቶ፣ ደክሞ፣ ደህይቶ መታየቱን ፈርቶ ነው። ጓደኛው የሚያስታውሰው ጎበዙን መካኒክ ነው። ያን ምስል ማጣት ያማል። ስለዚህ ማንንም ከማምጣታችሁ በፊት አስፈቅዱት። ቀን ስጡት። ፀጉሩን ይቆረጥ፣ ሸሚዙ ይተኮስ። ለእንግዳው የሚቀርብ ነገር ቤት ውስጥ ይኑር፣ ባዶ እጅ መቀበል ለትልቅ ሰው ሞት ነው። እኛ አስቀድመን ሻይ፣ ወተትና ሰምቡሳ እናዘጋጃለን፣ ወጪው ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ግንኙነት ደግሞ በድምፅ ቢሆን ይሻላል። አባዬን የድምፅ መልእክት መላክ አስተማርኩት። ካልወደደው አጥፍቶ እንደገና ይቀዳል። ለበያጁ ጓደኛው አራት ጊዜ ቀድቶ አምስተኛውን ላከ። «አቦ ያን ቀን ደንግጬ ነው፣ ተመልሰህ ና» ነው ያለው። ሰውየው በማግስቱ ጠዋት መጣ።

ለጅቡቲው ጓደኛው ስንደውል ሌላ ችግር ገጠመን። አባዬ ምንም አይሰማም። «ምን አለ? ምን አለ?» እያለ እኔን ይጠይቀኛል። ተናዶ ስልኩን ሰጠኝ። እርጅና ነው ብዬ ትቼው ነበር። ጤና ጣቢያ ስወስደው ሁለቱም ጆሮው በኩክ ተደፍኗል። ነርሷ መጀመሪያ የሚያለሰልስ ጠብታ ሰጥታው በሳምንቱ አጠበችው። ሲወጣ «የባጃጁ ጩኸት እንዲህ ነው እንዴ!» አለ። የመስማት ችግር ሁሉ በኩክ አይመጣም፣ ግን ቀላሉን ሳታስመረምሩ ተስፋ አትቁረጡ። ደጋግሞ «ምን አልክ?» ማለት ያሳፍረዋል፣ ስለሚያሳፍረውም ከሰው ይሸሻል። እቤት ውስጥ በጥጥ እንጨት ለመጎርጎር ግን አትሞክሩ፣ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ሁለተኛው ጥሪ 50 ደቂቃ ፈጀ። «ዋርያ!» ብሎ ጀመረ ሰውየው። ከዚያ አማርኛ፣ ሶማልኛ፣ መሃል ላይ ፈረንሳይኛ። በባቡሩ የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር፣ የመሣሪያዎቹን ስም እስከ ዛሬ በእሱ ነው የሚጠሩት። አባዬ ፈረንሳይኛ ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ እዚያ መኖሬን ረስቶታል።

ሐረር ያለውን ጓደኛውን ያገኘነው በአፎቻቸው በኩል ነው። አፎቻ ለሐረሪዎች እንደ እኛ እድር ያለ ነው፣ በለቅሶም በሠርግም ይረዳዳሉ። ልጁ አስቀድማ በስልክ «አባቴ የመርሳት ችግር አለበት፣ ላያውቃቸው ይችላል» አለችኝ። ለአባዬ ደብቄ ብወስደው ሊጎዳ ይችላል ብዬ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «እኔ አውቀዋለሁ አይደል» አለ።

መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ደንገጎን ስትወጡ ብርዱ ይለወጣል፣ ለድሬ ሽማግሌ ጋቢ ያስፈልገዋል። ቤቱ ጀጎል ውስጥ ነው። መኪና ፈረስ መጋላ ድረስ ነው የሚያስገባው፣ ከዚያ በጠባቡ መንገድ በእግር ነው። ሦስት ቦታ አረፍን። የሐረሪ ቤት መቀመጫው ነደባ ነው፣ ደረጃ ደረጃ ያለው፣ በምንጣፍ የተሸፈነ። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው መውጣቱም መውረዱም ከባድ ነው። ልጅቷ ይህን አስባ ወንበር አዘጋጅታለች። እግዜር ይስጣት።

እዚህ ላይ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። የመርሳት ችግር ያለበትን ሰው «አወቅከኝ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ፈተና ይሆንበታል፣ ይጨነቃል። አባዬ ሲገባ በቀጥታ ስሙን ተናገረ፣ «ወርክሾፕ አብረን ነበርን፣ አንተ ሒሳብ ክፍል ነበርክ» አለው። ሰውየው በትህትና ተቀበለው። ሳያውቀው አይቀርም፣ ወይም ላያውቀው ይችላል፣ መለየት አልቻልኩም። ግን ስለ ደሞዝ ቀን ማውራት ጀመረ። ማን ቀድሞ እንደሚሰለፍ፣ ማን ብድር እንዳለበት። ከዚያ «ባቡሩ ገባ?» ብሎ ጠየቀ። አባዬ «ገብቷል» አለው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና «ባቡሩ ገባ?» አለ። «ገብቷል።» አራት ጊዜ ጠየቀ፣ አራት ጊዜ መለሰለት። አንዴም አላረመውም። ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ሻይ፣ ጠጥተን ወጣን። ደንገጎን ስንወርድ አባዬ «ሰላም ነው ያለው» አለ፣ ሌላ አልተናገረም። በወር አንዴ እንሄዳለን።

ስለ ቴሌግራም አጭር ማስጠንቀቂያ። የድሬ ልጆች ባሉበት ግሩፕ ላይ ፎቶውንና የሁለት ሰዎችን ስም አውጥቼ ነበር። ብዙ ሰው ረድቶኛል። ግን አንድ የማላውቀው ሰው ደውሎ «አንደኛው ታሞ እኔ ቤት ነው፣ መድኃኒት መግዣ ላኪ» አለኝ። ቅጽል ስሞቹን ሆን ብዬ አልጻፍኳቸውም ነበር። «ሠራተኛው ምን ብሎ ነበር የሚጠራው?» ስለው ዘጋው። እናንተም እውነተኛው ጓደኛ ብቻ የሚያውቃትን አንዲት ነገር ለራሳችሁ አስቀሩ። የወላጃችሁን አድራሻና ስልክም አደባባይ ላይ አታውጡ፣ የራሳችሁን ስጡ።

ጓደኛ ካገኛችሁ በኋላ ያለው ሥራ ከፍለጋው ይረዝማል። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ያለቅሳል፣ ሁሉም «አንጠፋፋ» ይላል። ከዚያ ወር ያልፋል። እኛን ያዳነን ቁርጥ ያለ ቀን መያዛችን ነው። ማክሰኞ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ሙቀቱ ሳይጠነክር፣ አባዬ በረንዳ ላይ። አንድ የሰፈር ልጅ በባጃጁ በያጁን ያመጣል፣ ይመልሰዋል። ሒሳቡን በወር እኔ ነኝ የምከፍለው፣ ለሽማግሌዎቹ ግን አልነገርኳቸውም። የጅቡቲው ሰው በዚያው ሰዓት በቪዲዮ ይደወልለታል፣ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈው። እኔ ከእነሱ ጋር አልቀመጥም። መጀመሪያ ሰሞን ተቀምጬ ነበር፣ ወሬያቸው እንደሚታረም ሳይ ተነሳሁ።

አባዬ አሁንም ብቻውን የሚውልበት ቀን አለ። እናቴን ማንም አይተካለትም፣ ያን የማስተካከል ዐቅም የለኝም። ግን ሰኞ ማታ ሸሚዝ ይመርጣል። ጥርስ ለማስተከል ራሱ ጠየቀኝ፣ ገንዘብ እያጠራቀምን ነው።

ከ11ዱ ስም ሦስት ይቀሩናል። አንዱ አዲጋላ ነው። ታህሳስ 19 ቁልቢ ሄጄ ነበር። ያን ቀን ከየአገሩ የማይመጣ ሰው የለም። ፎቶውን ይዤ ትልልቅ ሰዎችን እያስቆምኩ ጠየቅሁ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሐዲድ ጠጋኝ የነበሩ ሽማግሌ ፎቶውን ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩት። ከቀኝ የመጀመሪያው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይሄ ባቡሩ ጥሎት የሄደው አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ሚኤሶ ገበያ ላይ አይተውታል፣ ከሴት ልጁ ጋር እንደሚኖር ነግሯቸዋል። ለአባዬ ገና አልነገርኩትም። ቅዳሜ ብቻዬን እሄዳለሁ።